ሁለት ሆነው ሲመጡ

ሜግና ሞልቷል ዛሬ፤ ዳርቻውን ሸርፎ ወስዷል፣
ትናንት ሩዝ የነበረው ማሳ ጭቃ ሆኖ ወደ ባሕር ነጉዷል።
እኔ ባንድ እጄ ጃንጥላ፣ ባንድ እጄ ከረጢት፣
ከጀልባ ወርጄ እዞራለሁ፣ ከቤት ወደ ቤት።
ጨው አለኝ፣ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር፣
ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ፤ ሸክሙ አይከብድም ነበር፣
በየደጁ ባይመልሱኝ።

ሞክሌስ ደጁ ላይ ቆመ፤ ክንዱን ከመቃን መቃን ወጥሮ፣
«ጨው ልትሸጪልን ነው?» አለኝ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
ከትከሻው ባሻገር ሩኑን አየሁ፤ ሦስት ዓመቷ ነው፣
ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ታለቅሳለች፣ ልቅሶዋ እንባ የለው።
እናቷ አንጁአራ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፤
እጥፋቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ እዚያው ቀረ።

አውቀዋለሁ ይህን በር። በቻንድፑር ስንሠለጥን፣
ኒሊማ የምትባል መምህርት በጠመኔ ክብ ሣለችልን፤
«ሕዋስ ቤት ነው» አለች፣ «አጥሩ ግን እሾህም ድንጋይም አይደል፤
ቅባት ነው፣ ከሳሙና አረፋ የሳሳ፣ ሁለት ድርብ፣ የሚዋልል።
የቅባቱ ራስ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ከውሃ ይሸሻል፤
ራስ ወደ ደጅና ወደ ጓዳ ዞሮ፣ ጭራ ከጭራ መሃል ይሸሸጋል።
ማንም አልገመደው፣ ማንም አልማገረው፣
ውሃን መፍራቱ ብቻ ነው ያቆመው።
በሮቹም እንደ ጀልባ በቅባቱ ላይ ይንሳፈፋሉ፤
ትንፋሽ ሳያንኳኳ ያልፋል፣ ጨውና ስኳር ግን ደጅ ይጠናሉ።

«ኮሌራ አጥር አያፈርስም። አንዱን በር ይከፍትና መዝጋት ያስረሳል፤
ጨው በዚያ ይወጣል። ውሃ የጨው ሎሌ ነው፣ ጌታው ሲወጣ ይከተላል፣
ልጅ ባንድ ሌሊት ይደርቃል።

«ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤ ብቻውን ግን እንደ ድንጋይ ነው፣
ከደጅ ይወረወራል። ስኳርም ብቻውን ያው ነው።
አንድ በር ግን አለ፣ በሽታው ያልደረሰበት፣
ሁለት ሆነው ካልመጡ ማንም የማይገባበት።»
ጠመኔው ተሰበረባት። በቀረው ስባሪ ውሃውን ሣለች፣
ሁለቱን ተከትሎ ሲገባ።

እኔም ብቻዬን ነበርኩ።
ጭቃውን ተመልሼ ኮሂኑርን ጠራሁ፣ አሮጊቷን አዋላጅ፤
ጥርስ የላትም፣ ምላስ ግን አላት፤ የማታውቀው የለም ደጅ።
ምርኩዟን ይዛ መጣች፣ እየረገመች ዝናሙን፣
ሞክሌስን አየችው፣ ከእግሩ እስከ ራሱን፤
«አንተን በእግርህ ስትመጣ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ፣
ዛሬ ደግሞ በክንድህ ልትመልሰኝ?»

ያው ከረጢት ነው። ያው ጨው ነው።
ክንዱ ወረደ።

በሦስት ጣት ቁንጥር ጨው፣ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ።
«ቅመሺው» አልኳት አንጁአራን፣ «ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ድፊው።»
ቀመሰች። ዝም አለች። እንባን የምታውቅ ሴት ናት።
ማንኪያ በማንኪያ፤ ሲያስመልሳት ጠብቀን፣ እንደገና ማንኪያ።
ኮሂኑር ግድግዳ ተደግፋ ታንኮራፋለች፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
ሁለት መቶ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።
ሁለት ሁለት ሆነው ሲገቡ፣ በዚያች ቀጭን አንጀት፣ በዚያ ቅባት፣
አይታይም፣ አይሰማም፤ ማን ያያቸዋል በዚህ የኩራዝ መብራት?

ጎሕ ሲቀድ ሩኑ የእናቷን ሳሪ አረጠበች።
«ሸናች!» አለች ኮሂኑር፣ ሠርግ እንደሚያበስር ሰው።
ልጅቷም ደንግጣ አለቀሰች፤
ጉንጯ ላይ አንድ ጠብታ ነበር፣ ጨውና ውሃ።

ሞክሌስ እስከ ጀልባው ሸኘኝ፣ ጃንጥላዬን ይዞ።
ወንዙ በሌሊት ሌላ ሁለት ክንድ መሬት ጎምዷል፤
አየው፣ ምንም አላለም። ከዚያ ግን እንደ ማፈር ብሎ፣
«ጨዉ» አለኝ፣ «በስንት ጣት ነበር?»